ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር



ሰው ምክንያቱን ያላወቀው ብልሽት ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ይህማ አብቅቶለታል» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም በግምት ያገኘውን ሁሉ እየነቀለ በአዲስ ይለውጣል። የመጀመሪያው ያለውን ንብረት ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ኪሱን ያራቁተዋል። በሁለቱም መንገድ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ዕቃው ቢሠራለት እንኳ በምን እንደሠራ አያውቅምና፣ ነገ ሲቆምበት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። አዝጋሚ ነው። መጠየቅ፣ መልሱን መጠበቅ፣ ከመልሱ ተነስቶ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ይህን በደፈናው ከማወራ በእጄ በነካሁት ነገር ባስረዳ ይሻላል ብዬ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ልጆችን ማስቀራት፣ ከፍ ላሉት ደግሞ ነሕው ማስተማር ነው። ከመድረሳው ትምህርት ሌላ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን የእናቴ ወንድም ሞተር ሲፈታ ባትሪ እያበራሁለት ያደግሁ ነኝ። እርሱም የሠራውን ሁሉ በደብተር የሚጽፍ ሰው ነበር።

ሞተሩና ቤቱ

ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሞተር ሳይክል መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በ1968 ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን ዲቲ የተሰኘ ዓይነት አወጣ፤ ከዚያም ትንንሾቹን እያከታተለ ሠራ። ባለ ሁለት ምቱ ዲቲ 125 ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀላል፣ ከፍ ያለ፣ ድንጋይ ላይ የማይፈራ ሞተር ነው። አጎቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኖ በላስታ ወረዳዎች የዞረው በእንዲህ ያለ ሞተር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው በጨረታ ገዛው። ኩልመስክ፣ ብልባላ፣ ሙጃ፣ ጋሸና ድረስ እየሄደ የበግና የከብት በሽታ ሲያክምበት ኖረ።

አጎቴ በ2012 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደ። በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ሞተሩ በጓሮ ጭድ ተከመረበት። ሰው ለራሱ መሸሸጊያ ሲፈልግ ለብረት ማን ያስባል? ጭዱ ከዘራፊ ዓይን አዳነው፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ግን አላዳነውም። ከዚያም መብራት የለ፣ ቤንዚን የለ፣ ሞተሩን ያስታወሰ አልነበረም።

ያስታወሰችው በ2017 ዓ.ም. የአጎቴ ባለቤት ናት። ያስታወሰችውም ልትሸጠው ነው። ምክንያቱን ስትነግረኝ ልቤ ደነገጠ። እርሷ ያሳደገችው የልጅ ልጇ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከተማችን እንጀራዋ እንግዳ ነበር። በ2012 ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት ተከተለ። ልጁ በልጅነቱ የቱሪስት ዕቃ እየተሸከመ ደብተሩንና ልብሱን ይገዛ ነበር፤ ሲጎረምስ የሚሸከመው ዕቃ ጠፋ። ከእርሱ ጋር ኳስ ይጫወቱ ከነበሩት ሁለቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው በየመን ወደ ሳዑዲ ለመግባት ሄደዋል። አንደኛው ከጅዳ ይደውላል። የሁለተኛው ድምፅ ከተሰማ ሁለት ዓመት አልፏል። አሁን ደላላው ለዚህኛውም ቀብድ ቁረጥ ብሎታል። ቀብዱ የሚገኘው ደግሞ ሞተሩን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በመሸጥ ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ቀን ይስጡኝ» አልኳት። «የሚሠራ ሞተርና የማይሠራ ሞተር ዋጋው አንድ አይደለም። ይሽጡትም ከተባለ ተነስቶ ይሸጥ።»

«ተነስቶ እኮ ነበር» አለችኝ። «ልጁ ወስዶ አሠርቶት መጥቶ ነበር። ትንሽ ይሄድና ይሞታል። ሠሪው ራሱ ሽጡት አለ።»

እውነት ነበር። ልጁ ያጠራቀማትን ይዞ ወደ አንድ ሠሪ ወስዶት፣ በአይጥ የተበሉት ሽቦዎች ተቀጥለውለት፣ ካንዴላና ቦቢና ተለውጦለት ነበር። ጧት አምስት ስድስት ጊዜ ሲረገጥ ይነሳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዳገት ሲወጣ ያስለውና ጸጥ ይላል። ከዚያ ቢረግጡት፣ ቢገፉት አይሰማም። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሠሪው ይህን ሲያይ ሞተሩ አርጅቷል፣ የላስታ ዳገት አይችልም ብሎ ደመደመ። እኔ ግን ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሁልጊዜ የማይነሳ ሞተር ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር ግን ስለ ራሱ ግማሹን ተናግሯል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ቤንዚንና አየር በልክ መቀላቀል፣ ቅልቅሉን ፒስተኑ አምቆ መጭመቅ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበትም እሳት መስጠት። የሚጠፋ ሞተር ከእነዚህ አንዱ ጎድሎበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ልለውጥ?» ሳይሆን «ከሦስቱ የጠፋው የቱ ነው?» የሚለው ነው።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ነገሩን በሚያውቀው ቋንቋ ነገርኩት። ከእኔ ዘንድ አጅሩሚያን እስከ እኩሌታው ቀርቷል። በነሕው ትምህርት ደረሳው የቃሉን መጨረሻ አይቶ «ዶማ ነው» ወይም «ፈትሃ ነው» ብሎ ቢያቆም አይበቃውም። «ይህን ያመጣው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ያመጣው ክፍል ዓሚል ይባላል። ዓሚሉ አንዳንዴ አጠገቡ ይቆማል፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቃል ወደ ኋላ ነው፤ አንዳንዴም በጽሑፉ ላይ ሳይታይ በሐሳብ ይኖራል። ደረሳ ገምቶ ቢያገኝ እንኳ ምክንያቱን ካልተናገረ አላወቀም እንለዋለን።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የምንፈልገው ዓሚሉን ነው» አለኝ ልጁ። ፊቱ ላይ ከብዙ ወራት በኋላ ፈገግታ አየሁ።

የአጎቴን ደብተር አወጣሁ። በየገጹ አራት መስመር ተሰምሮበታል፤ ቀን፣ የታየ ምልክት፣ የተደረገ ነገር፣ የተለወጠ ነገር። በአራተኛው መስመር ብዙ ቦታ ላይ «የለም» የሚል ተጽፏል። ልጁ «ምንም ካልተለወጠ ለምን ይጽፈዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» ማለት አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው። ተመልሰህ እንዳታንኳኳው ይነግርሃል። በፊቅህ ትምህርትም የተረጋገጠ ነገር በጥርጣሬ እንደማይሻር እናስተምር የለ? ያረጋገጥከውን ጽፈህ ያዝ፤ ከዚያ የቀረውን ፈልግ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐፊው እርሱ ሆነ።

ቤንዚን ወይስ እሳት?

የመጀመሪያው ጥያቄ ምንም ወጪ የለውም። የቤንዚኑ ጋን ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። እርሷ በአቧራ ከተዘጋች ቤንዚኑ ሲወርድ ጋኑ ውስጥ አየር ስለማይተካ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፍሰቱ ይቆማል። ሞተሩ ልክ እንደ እኛው ይጠፋል፤ ሲያርፍ ይነሳል። ብዙ ሰው በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ቦቢና ገዝቷል። ስለዚህ ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑን ከፍተን ረገጥነው። አልተነሳም። ደብተሩ ላይ «ክዳን ተከፈተ፤ የተለወጠ፦ የለም» ተጻፈ።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታን። ጫፉ እርጥብ ነበር፤ ቤንዚን ይሸታል። ስለዚህ ቤንዚን እየደረሰ ነው፤ የሚያቃጥለው አላገኘም። ፒስተኑ ሲጨምቅ እግር የሚመልስ ኃይል ስላለው ጭምቀቱም በቦታው ነው። ሁለት በር ተዘጋ። የቀረው እሳት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ጋሸና ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በላሊበላ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ ተለክቶ የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን ያው እየሰጠ አየሩ ስለሚያንሰው ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ እሳቱም በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ይባክናል። ሰው «የእሳት ችግር ነው» ሲል ምንጩ ቤንዚን የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። መፍትሔው በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ በአንድ ደረጃ በጠበበች መለወጥ ነው። ከልክ በላይ ማጥበብ ግን ባለ ሁለት ምት ሞተርን አሙቆ ፒስተኑን ይበላዋል። አጎቴ ይህን ከዓመታት በፊት አስተካክሎ በደብተሩ ጽፎታል። የእኛም ካንዴላ ቀለሙ ቡናማ እንጂ የጠቆረ አልነበረም። ስለዚህ ከፍታው ንጹሕ ነው። «የላስታ ዳገት አይችልም» የተባለው ፍርድ በዚህ ተሻረ።

እሳት እንዴት ይወለዳል?

እንግሊዛዊው ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ እንደሚፈጠር አሳየ። የዚህ ሞተር እሳት በዚያው ላይ የቆመ ነው። ቮላኖ በሚባለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት ውስጥ ማግኔቶች ተሰክተዋል። ቮላኖው ሲዞር ከሥሩ ባለው የሽቦ ጥቅል ኮረንቲ ይፈጠራል። ባትሪ ቢሞት እንኳ ሞተሩ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ይህ ኮረንቲ ብቻውን ደካማ ነው። ፑንቲና የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ተነካኪ ብረቶች በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲላቀቁ በመስመሩ ያለው ኮረንቲ በድንገት ይለወጣል። ቦቢናው ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመው ስስ ሽቦ ያን ድንገተኛ ለውጥ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ ዘልሎ ብልጭ ይላል። ቁም ነገሩ ያለው «በድንገት» የምትለው ቃል ላይ ነው። ፑንቲናው ሲላቀቅ ኮረንቲው በመካከሉ እየዘለለ መሄዱን ከቀጠለ ድንገተኛነቱ ይጠፋል፤ ቦቢናውም የሚያሳድገው ነገር አያገኝም። ይህን የሚከለክለው ኮንደንሰር ነው። የጣት ጫፍ የምታህል ቆርቆሮ ናት። ፑንቲናው በሚላቀቅበት ቅጽበት ኮረንቲውን ውጣ ትይዘዋለች፤ ስለዚህ ፑንቲናው በንጽሕና ይላቀቃል።

የእሳት ምርመራ ሲደረግ ካንዴላው ከሞተሩ ወጥቶ፣ ካፑ ተሰክቶለት፣ ብረቱ የሞተሩን አካል ነክቶ ሞተሩ ይረገጣል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ስለሚተፋ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቁት፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ አትሞክሩት። ሁለተኛ፣ ካፑን በእርጥብ እጅ አትያዙ፤ ይመታል። ደግሞም በውጭ አየር ላይ ብልጭ ማለቱ በሞተሩ ውስጥም ብልጭ ይላል ማለት አይደለም። በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይጠይቃል። ስለዚህ ዓይን የሚፈልገው ብልጭታ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ብርታቱን ነው። ሰማያዊና የሚንጣጣ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደክሟል።

ጧት በብርድ ስናየው ሰማያዊ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ በጠፋበት ቅጽበት ስናየው ቀጭን ቢጫ ሆነ፤ ከሦስት ርግጫ በአንዱ ብቻ ይታያል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። አሁን ጥያቄው ጠበበ፤ በእሳቱ መስመር ላይ ሲሞቅ የሚደክመው የትኛው ነው?

በሮቹን አንድ በአንድ

ከሁሉ አስቀድመን የማጥፊያውን ሽቦ ነቀልን። የሞተር ማጥፊያ ቁልፍ የሚሠራው የእሳቱን መስመር ወደ ሞተሩ አካል፣ ሠሪዎች ማሳ ወደሚሉት በማፍሰስ ነው። ሽቦው አይጥ በልቶት አንድ ቦታ ብረት ቢነካ ሞተሩ ሳይታዘዝ ይጠፋል። ተነቅሎም ሞተሩ በዚያው ሰዓት ጠፋ። «የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ከመግሪብ በኋላ በጨለማ አስነሳነው። የተሰነጠቀ የካንዴላ ሽቦ ወይም ካፕ ካለ በጨለማ ሰማያዊ ጭረት ሲሾልክ ይታያል፤ በክረምት ጉም ደግሞ ይብሳል። ምንም አልታየም። «የለም»።

ቦቢናው አዲስ ነው፤ ግን አዲስ ሁሉ ደህና አይደለም። ይህን ፈተና ያመጣው ልጁ ነው። «ሲሞቅ ከሆነ የሚደክመው፣ እርሱን ብቻ ብናቀዘቅዘው አይነሳም?» አለ። ሞተሩ እንደጠፋ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ቦቢናው ላይ ብቻ ጠቀለለ። ቦቢናው ከእጅ በታች ቀዘቀዘ፤ እሳቱ ግን ያው ቢጫ ነው። አሮጌውን ቦቢና መልሰን ብናስረውም ሞተሩ በዚያው ደቂቃ ጠፋ። ለቦቢና የወጣው ገንዘብ በከንቱ እንደነበር ያኔ ታወቀ። ልጁ ግን አላዘነም፤ በሩን ራሱ ዘግቶታልና።

የቀረው ከቮላኖው ሥር ነው። እዚያ የሞተሩ ሙቀት በቀጥታ የሚያገኛቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ኮረንቲ የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል፣ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ። ቮላኖው ላይ ፑንቲናውን የሚያሳዩ መስኮቶች አሉ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲቃረብ በጥላ ሆነን በመስኮቱ አየን። ፑንቲናው መካከል እንደ ብየዳ ያለ ደማቅ ብልጭታ ይፈነጥቃል። የሽቦ ጥቅሉ ቢደክም ኖሮ ፑንቲናው ላይ የሚፈነጥቅ ኃይል ባልነበረ። ኃይሉ አለ፤ የሚባክነው ግን እዚያው ነው። ፑንቲናውን ከዚያ እሳት የሚጠብቀው ማን ነበር? ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ኮንደንሰሩ! ዓሚሉ ተደብቆ ነበር» አለ።

ኮንደንሰር ውስጡ በስስ መለያያ የተለዩ ሁለት የብረት ቅጠሎች የተጠቀለሉበት ነው። ሲያረጅ መለያያው በብርድ ጊዜ ይይዛል፤ ሲሞቅ ያፈስሳል። አይጠገንም፤ ይለወጣል።

ከደሴ የመጣው ቆርቆሮ

ለዚህ ሞተር የተሠራው ኮንደንሰር በአካባቢያችን አይገኝም። ነገር ግን የአብዛኛው የፑንቲና ኮንደንሰር መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ስለዚህ የድሮ ቮልስዋገን ኮንደንሰር ሊያገለግል ይችላል። ደሴ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ከአሮጌ መለዋወጫ መካከል ፈልጎ 500 ብር በማይሞላ ዋጋ ላከልኝ።

ቮላኖውን ማውጣት ነበረብን። ልጁ መዶሻ አነሳ፤ ከለከልኩት። ቮላኖ በመዶሻ ሲመታ ማግኔቱ ይጎዳል፤ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። የራሱ መሳቢያ ብረት አለው፤ ከወልድያ በውሰት እስኪመጣ ስድስት ቀን ጠበቅን። ሲወጣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስተሳስረውን ትንሽዬ ቁልፍ ብረት አየን፤ ደህና ናት። እርሷ ብትቆረጥ ቮላኖው ቦታውን ስቶ እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣ ነበር።

ፑንቲናው ተቃጥሎ አንዱ ጎርብጦ፣ ሌላው ጎድጉዶ ነበር። በቀጭን ሞረድ አስተካክለን፣ የተረፈውን ብናኝ በንጹሕ ወረቀት ጠርገን፣ ሙሉ ሲከፈት ያለውን ክፍተት በመለኪያ ስስ ብረት 0.35 ሚሊሜትር አደረግነው። አጎቴ በደብተሩ የጻፈው ከ0.3 እስከ 0.4 ነው። ክፍተት ሲለወጥ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜም ስለሚለወጥ እርሱን ማረም ነበረብን። ስስ የከረሜላ ወረቀት በፑንቲናው መካከል አስገብቶ በቀስታ እየሳቡ ቮላኖውን ማዞር ነው። ወረቀቱ ተለቅቆ የሚወጣበት ቅጽበት ፑንቲናው የተላቀቀበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት የቮላኖው ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ልጁ አራት ጊዜ ሞከረ፤ በአምስተኛው ገጠመለት።

አሮጌውን ኮንደንሰር ከመስመሩ ለየነው። አዲሱን የሞተሩ ሙቀት በማያገኘው ቦታ፣ ከጋኑ ሥር ቦቢናው አጠገብ አሰርነው። የቆርቆሮው አካል ከማሳ ጋር በደንብ መገናኘት ስላለበት የታሰረበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀን ብረቱን አወጣነው።

በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። ግን ጧት መነሳቱ ምስክር አይሆንም፤ ድሮም ይነሳ ነበር። ፈተናው ሙቀት ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ልጁ ወደ ሽምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደ። ሃያ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ማረፊያው ያለው ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሲመለሱ ዳገት ነው። እትዬ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዙህር ተሰገደ፤ አልመጣም። እርሷ ከንፈሯን እየመጠጠች «ያውልህ፣ ሞተ» አለችኝ። ከዚያ ከታች ከኩርባው ድምፁ መጣ። ሳይቆም ነበር የወጣው። የዘገየው፣ በመንገድ የቆመበት አንድ የሌላ ሰው ሞተር አግኝቶ ካንዴላውን ሲያጸዳለት ነው። ደብተሩ ላይ በአራተኛው መስመር ከብዙ «የለም» በኋላ «አዎ» ተብሎ ተጻፈ።

ከሞተሩ በኋላ

ሞተሩ አልተሸጠም። ማታ ደላላው ሲደውል ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ተመልሶ ሲገባ ግን እትዬን «ቀብድ የለም ብዬዋለሁ» አላት። እርሷ ምንም አልመለሰችለትም። ተነስታ እንጀራ አቀረበች።

ሥራ ተገኘ፣ ችግር አለቀ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። አንድ ኮንደንሰር የከተማን ኢኮኖሚ አያስነሳም። ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሸጥ ውኃ እየተቀላቀለበት ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ጓደኞቹ የሄዱበት ምክንያት ዛሬም በቦታው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ልጁ ይህን ሞተር «አርጅቷል» ያለውን ሰው አምኖ ነበር፤ ስለ ራሱና ስለ አገሩም ያንኑ ዓይነት ፍርድ ሰምቶ አምኖ ነበር። አሁን ፍርድ ሲሰማ «በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት የቆመ ሞተር ያመጡለታል። አንዱን ሳይፈታ በፊት ባለቤቱን «መቼ ነው የሚጠፋው? ብርድ ሲሆን ነው ሲሞቅ? ስትወጣ ነው ስትወርድ?» እያለ ሲመረምረው ሰማሁት። ከፈቀደ ክፍያ ይቀበላል፤ የነቀለውን አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይመልሳል።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ጓሮ የቆመ አሮጌ ሞተር፣ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ካለ ለቁርጥራጭ ከመሸጣችሁ በፊት እነዚህን ያዙ። መጀመሪያ ወጪ የሌለውን ፈትኑ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ከለወጣችሁ የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም። የሚጠፋበትን ሰዓትና ሁኔታ ጻፉ። ምንም ያልለወጠውንም ጻፉ። አጠገባችሁ ሥራ ያጣ ወጣት ካለ ደግሞ ባትሪ አብራልኝ ብላችሁ ጥሩት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ባትሪውን እናንተ ያዙለትና መፍቻውን ለእርሱ ስጡት።